ከመርፌው በፊት እንጀራው ይለካ፦ የካርቦሃይድሬት ቆጠራና የኢንሱሊን መጠን ስሌት

አርሶ አደሩ ማዳበሪያን እንዳሻው ዘግኖ አይበትንም። የማሳውን ስፋት ያውቃል፤ የሚዘራውን ሰብል ይለያል፤ ከዚያም ለሄክታሩ የሚበቃውን በኪሎ ግራም ያሰላል። የአረም መድኃኒት ሲረጭም ለአንድ መርጫ ውኃ የሚገባውን መጠን በክዳኑ ይለካል። ከበዛ ሰብሉን ያቃጥላል፤ ካነሰ አረሙ ያይላል።

ኢንሱሊንም እንደዚሁ በልክ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ከተበላው ምግብ በላይ ሲሆን የደም ስኳርን አውርዶ ሰውን ከእርሻው መካከል ይጥላል። ሲያንስ ደግሞ ስኳሩ ከፍ ብሎ ይከርምና ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቭን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ይሁን እንጂ ብዙ ሕሙማን ኢንሱሊኑን በዩኒት ቆጥረው ሲወጉ፣ ኢንሱሊኑ የሚያስተናግደውን እንጀራ ግን በዓይን ግምት ያልፉታል። ከሚዛኑ አንዱ ወገን ተለክቶ ሌላው ሳይለካ ሲቀር ስሌቱ አይሰምርም።

ይህ ጽሑፍ ኢንሱሊን የሚወስዱ አዋቂዎች የምግባቸውን ካርቦሃይድሬት እንዴት እንደሚቆጥሩ፣ የመጠን ማስያ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩና የት ላይ እንደሚያሳስቱ ያብራራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙ ቁጥሮች ለማስረጃ የቀረቡ ናቸው። ማንም ሰው የታዘዘለትን የኢንሱሊን መጠን ክትትል ከሚያደርግለት ባለሙያ ጋር ሳይመክር መለወጥ የለበትም።

ኢንሱሊንና ምግብ ምን አገናኛቸው?

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ፣ ወተትና ስኳር ካርቦሃይድሬት አላቸው። ካርቦሃይድሬት በአንጀት ተፈጭቶ ግሉኮስ የሚባል ስኳር ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ጤናማ ቆሽት የስኳሩን መጨመር ተከትሎ የሚበቃውን ያህል ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊኑም ግሉኮስ ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባና ጉልበት እንዲሆን ያደርጋል።

በዓይነት አንድ የስኳር ሕመም የተያዘ ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆማል ወይም ወደማቆም ይደርሳል። በዓይነት ሁለት ከተያዙት መካከልም በርካቶች ከጊዜ በኋላ ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ቆሽት ሳያስቡት ይሠራው የነበረውን ስሌት ሕመምተኛው ራሱ በእጁ ሊሠራው ግድ ይሆናል።

ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ እ.አ.አ በ1921 በፍሬድሪክ ባንቲንግና በቻርለስ ቤስት ምርምር ተገኝቶ፣ በጥር ወር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ታዳጊ ተሰጠ። ከዚያ በፊት የነበረው ሕክምና ሕመምተኛውን እስኪመነምን ማስራብ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን፣ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 14፣ የሚታሰበው የዓለም የስኳር ሕመም ቀን የባንቲንግ የልደት ቀን ነው።

መቁጠር መቀነስ አይደለም

ካርቦሃይድሬት መቁጠር ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው እንጀራን መቀነስ ወይም ጨርሶ መተው እንደሆነ አድርጎ ነው። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። የቆጠራው ዓላማ የሚበላውን ማወቅና ኢንሱሊኑን ከእርሱ ጋር ማስታረቅ ነው።

ነገሩ በገጠር የበለጠ ክብደት አለው። በጎንደር የተመራማሪዎች ቡድን እ.አ.አ በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን መካከል ብዙዎቹ ድሆችና ሰውነታቸው የከሳ መሆኑን አሳይቶ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም እንደገና እንዲጤን ጠይቋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 በባንኮክ ባካሄደው ጉባኤ ይህን ዓይነቱን ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ላለው ሰው «እንጀራ አትብላ» የሚለው የጎረቤት ምክር ሕመምን በሕመም ላይ መደረብ ነው። የሚያስፈልገው በቂ ምግብ፣ ለምግቡም የሚመጥን ኢንሱሊን ነው።

ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ፣ ሁለት ዓይነት ቆጠራ

ቆጠራው የሚሰጠው ጥቅም በሚወሰደው ኢንሱሊን ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ አስቀድሞ ብልቃጡን ማወቅ ያሻል።

መደበኛ የሚባለው ኢንሱሊን ጥርት ያለ ነው። ከተወጋ ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሥራ ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓትም ይቆያል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ የሚወጋውም ለዚህ ነው።

ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን ደፍራሳ ነው። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከ4ኛው ሰዓት በኋላ እየበረታ ሄዶ ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ይሠራል።

ቅይጡ፣ ማለትም 70/30 የሚባለው፣ 70 በመቶ ኤንፒኤችና 30 በመቶ መደበኛ ኢንሱሊን በአንድ ብልቃጥ የያዘ ነው። ብዙውን ጊዜ ጠዋትና ማታ ይወጋል። ኤንፒኤችም ሆነ ቅይጡ ከመቀዳቱ በፊት ብልቃጡ በሁለት መዳፍ መካከል በቀስታ እየተንከባለለ እኩል እስኪደፈርስ ድረስ መደባለቅ አለበት። መናጥ ግን አይገባም።

ቅይጥ የሚወስድ ሰው ኢንሱሊኑ የተቆረጠለት ነው። ጠዋት የተወጋው ኤንፒኤች በቀትር ሲበረታ፣ ሰውየው ምሳ ቢበላም ባይበላም ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ለእርሱ ቆጠራ ማለት ኢንሱሊኑን በየምግቡ መቀያየር ሳይሆን፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተቀራራቢ መጠን ያለው ካርቦሃይድሬት መብላት ነው። ዛሬ አንድ እንጀራ፣ ነገ ሩብ እንጀራ፣ ከነገ ወዲያ ሁለት ቢበላ ያው መርፌ አንድ ቀን ይበዛበታል፤ በሌላው ቀን ያንሰዋል።

ሁለተኛው ተጠቃሚ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊንን መሠረት አድርጎ፣ በየምግቡ መደበኛ ወይም ፈጣን ኢንሱሊን ለብቻው የሚወጋ ነው። ይህ ሰው ሥልጠና ካገኘ ኢንሱሊኑን ከምግቡ ጋር ማስተካከል ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው የመጠን ስሌት የሚመለከተው ይህንን ተጠቃሚ ብቻ ነው።

የእንጀራው ልክ በምን ይታወቃል?

አገልግሎት ላይ ያሉት የቆጠራ ሠንጠረዦች አብዛኞቹ የተዘጋጁት በሌላ አገር ምግብ ነው። የዳቦ ቁራሽና የሩዝ ስኒ ይዘረዝራሉ፤ እንጀራንና ሽሮን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቋቸውም። ቢሆንም ልኩን በቤት ውስጥ ማውጣት ይቻላል። ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የዱቄት ስሌት ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ለምሳሌ ከ5 ኪሎ ግራም ዱቄት 36 እንጀራ ቢወጣ፣ ጠቅላላው 3,650 ግራም ካርቦሃይድሬት ለ36 ይካፈላል። አንዱ እንጀራ 100 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ያለው ይሆናል ማለት ነው። ግማሹ 50፣ ሩቡ 25 ግራም ይሆናል። ሊጡ ሲቦካ ጥቂት መቀነሱ ስለማይቀር ቁጥሩ ግምት እንጂ ድርቅ ያለ ልክ አይደለም።

ሁለተኛው በሚዛን ነው። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላዩ ውኃ በመሆኑ፣ 100 ግራም እንጀራ 30 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይይዛል ተብሎ ሊገመት ይችላል። የወጥ ቤት ሚዛን የሌለው ቤተሰብ አሥር እንጀራ አጣጥፎ በአቅራቢያው ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ በማስመዘን ክብደቱን ለአሥር ቢያካፍል በቂ ነው። ሁለቱ መንገዶች ተቀራራቢ ውጤት ከሰጡ ስሌቱ ይታመናል። ምጣዱ፣ ጋጋሪዋ ወይም የሊጡ ውፍረት ከተለወጠ ልኩን እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል።

ጤፍ ቅልቅል ከሆነስ? ማሽላ፣ በቆሎ፣ ገብስ፣ ሩዝና ስንዴ ሁሉም በ100 ግራም ዱቄታቸው ከ70 እስከ 80 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አላቸው። ስለዚህ ለቆጠራው ልዩነቱ ጠባብ ነው። ጤፍ አሰር የበዛበት ጠቃሚ እህል ነው፤ «ጤፍ ለስኳር አይቆጠርም» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም።

ሌሎች የተለመዱ ምግቦች የሚይዙት ካርቦሃይድሬት በግምት የሚከተለውን ይመስላል።

- 100 ግራም የስንዴ ዳቦ፦ 50 ግራም
- 100 ግራም የበሰለ ሩዝ፦ 28 ግራም
- 100 ግራም የተቀቀለ ፓስታ ወይም መኮሮኒ፦ ከ25 እስከ 30 ግራም
- 100 ግራም የተቀቀለ ድንች፦ 20 ግራም
- 100 ግራም የተቀቀለ ምስር፦ 20 ግራም (ከዚህ ውስጥ የተወሰነው አሰር ነው)
- 100 ግራም የገብስ ቆሎ ወይም በሶ ዱቄት፦ ከ70 እስከ 75 ግራም
- አንድ መካከለኛ ሙዝ፦ 27 ግራም
- አንድ መካከለኛ ብርቱካን፦ 15 ግራም
- አንድ ብርጭቆ ወተት (240 ሚሊ ሊትር)፦ 12 ግራም
- አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፦ 4 ግራም
- አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፦ 17 ግራም
- 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ፦ ከ30 ግራም በላይ

ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ዘይት በካርቦሃይድሬት ቆጠራ ውስጥ የሚገቡ አይደሉም። ጎመንም እጅግ ጥቂት ስላለው ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ሽሮ ግን ከጥራጥሬ የሚሠራ በመሆኑ ይቆጠራል። አንድ ድስት ሽሮ የተሠራበት ዱቄት ስንት ግራም እንደነበርና ወጡ ስንት ጭልፋ እንደወጣው ከታወቀ፣ የአንዱ ጭልፋ ድርሻ በማካፈል ይገኛል። የቆሎ ነገርም ልብ ሊባል ይገባዋል። ቆሎ ደረቅ ስለሆነ ጥቂት እፍኝ ብቻ ከአንድ ትልቅ ቁራሽ እንጀራ ጋር ሊተካከል ይችላል። በቡና ሰዓት ሳይታሰብ የሚበላው ቆሎና ስኳር የበዛበት ቡና የማታውን የስኳር ልኬት ከፍ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው።

በቆጠራ ሥልጠና በርካታ አገሮች 15 ግራም ካርቦሃይድሬትን እንደ አንድ መስፈሪያ ይወስዳሉ፤ በእንግሊዝ ደግሞ 10 ግራም የተለመደ ነው። ስለዚህ «አንድ መስፈሪያ» የሚል ጽሑፍ ወይም መተግበሪያ ሲገኝ፣ በየትኛው እንደሚቆጥር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የመጠን ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ስሌቱ በሦስት ቁጥሮች ላይ ይቆማል። ሦስቱንም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የመጀመሪያው የምግብ ምጣኔ ነው፤ አንድ ዩኒት ኢንሱሊን ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት እንደሚያስተናግድ ይናገራል። ሁለተኛው የማስተካከያ ምጣኔ ሲሆን፣ አንድ ዩኒት የደም ስኳርን በስንት ሚሊ ግራም እንደሚያወርድ ያሳያል። ሦስተኛው ከምግብ በፊት እንዲደረስበት የሚፈለገው የደም ስኳር ግብ ነው። ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በፊት የሚመከረው በዴሲ ሊትር ከ80 እስከ 130 ሚሊ ግራም ነው። ለአረጋውያንና ስኳራቸው በድንገት ለሚወርድባቸው ሰዎች ግን ሐኪሙ ግቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

በምሳሌ እንመልከተው። ለአንድ ሰው ሐኪሙ 1 ዩኒት ለ12 ግራም፣ ማስተካከያው 1 ዩኒት ለ40 ሚሊ ግራም፣ ግቡ 120 እንዲሆን ወስኖለታል እንበል። ሰውየው ግማሽ እንጀራ (50 ግራም) ከ10 ግራም ካርቦሃይድሬት ካለው ሽሮ ጋር ሊበላ ነው፤ ድምሩ 60 ግራም ይሆናል። 60 ለ12 ሲካፈል 5 ዩኒት ይመጣል። ከምግብ በፊት ሲለካ ስኳሩ 200 ከሆነ ከግቡ በ80 ይበልጣል። 80 ለ40 ሲካፈል 2 ዩኒት ይሆናል። ድምሩ 7 ዩኒት ነው። ስኳሩ 80 ሆኖ ቢገኝ ግን ከግቡ በ40 ያንሳልና ከአምስቱ አንድ ዩኒት ተቀንሶ 4 ይሆናል።

ሐኪሞች ለፈጣን ኢንሱሊን መነሻ ምጣኔ ሲፈልጉ 500ን በቀን ለሚወሰደው ጠቅላላ የኢንሱሊን መጠን ያካፍላሉ፤ ለማስተካከያውም 1,800ን እንደዚሁ ያካፍላሉ። በቀን 40 ዩኒት ለሚወስድ ሰው 500 ለ40 ሲካፈል 12.5 ግራም፣ 1,800 ለ40 ሲካፈል 45 ሚሊ ግራም ይመጣል። ለመደበኛ ኢንሱሊን 450ና 1,500 ይሠራባቸዋል። እነዚህ መነሻዎች ብቻ ናቸው። ትክክለኛው ምጣኔ የሚታወቀው ለቀናት ከምግብ በፊትና በኋላ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ፣ ከባለሙያ ጋር ሲታይ ነው። ለአንድ ሰው ጠዋትና ማታ የተለያየ ምጣኔ መሰጠቱም እንግዳ ነገር አይደለም።

በስሌቱ የሚያጋጥመው ትልቁ ወጥመድ መደራረብ ነው። ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲታይ ተጨማሪ መርፌ መውጋት ያጓጓል። የቀደመው ኢንሱሊን ግን ሥራውን አልጨረሰም። ፈጣኑ ለ4 ሰዓት ያህል፣ መደበኛው ከዚያም በላይ በሰውነት ውስጥ ይሠራል። ሁለቱ ሲደራረቡ ስኳሩ በእኩለ ሌሊት ቁልቁል ይወርዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በዚህ ጉዳይ መታገሥ ከመቸኮል ይሻላል።

መሣሪያዎቹና ጉድለቶቻቸው

ማስታወሻ ደብተር ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ የሆነ መሣሪያ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የስኳር ልክ፣ የተበላው ምግብ፣ የተወጋው ዩኒትና የተሠራው ሥራ በአንድ መስመር ይጻፋሉ። በክትትል ቀን ሐኪሙ ከአንድ የጠዋት ልኬት ይልቅ ከዚህ ደብተር ብዙ ይማራል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ልጆቹ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሊመዘግቡለት ይችላሉ።

የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያ ከሌለ የማስተካከያ ስሌት መሥራት አይቻልም። ከመለካት በፊት እጅ በውኃ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ብርቱካን የላጠ ወይም ማር የነካ ጣት ሳይታጠብ ቢለካ መሣሪያው የደሙን ሳይሆን የጣቱን ስኳር ደምሮ ያነባል። የመለኪያ ስትሪፑ የአገልግሎት ዘመንም መታየት አለበት።

መርፌው ራሱ የመጠን መሣሪያ ነው። በአሁኑ ጊዜ የተለመደው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ሲሆን፣ የሚቀዳውም «ዩ-100» በሚል መርፌ ነው። «ዩ-40» የሚል መርፌ ቢያጋጥም ለዚህ ኢንሱሊን ፈጽሞ መዋል የለበትም። በዚያ መርፌ 20 ዩኒት የሚለው መስመር ላይ ሲደረስ የተቀዳው ኢንሱሊን 50 ዩኒት ነው። መስመሮቹንም መቁጠር ያሻል፤ በ100 ዩኒት መርፌ ላይ አንዱ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 2 ዩኒት ሲሆን፣ በ50 ዩኒት መርፌ ላይ 1 ዩኒት ነው።

የስልክ መተግበሪያዎች የምግቡን ግራምና የስኳሩን ልክ ተቀብለው የሚወጋውን ዩኒት ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚታመኑ አይደሉም። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2015 ያሳተሙት ግምገማ 46 የኢንሱሊን ማስያ መተግበሪያዎችን መርምሮ፣ 67 በመቶ የሚሆኑት የተሳሳተ መጠን ሊመክሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። አብዛኞቹ የገባው ቁጥር አግባብ ያለው ስለመሆኑ አይመረምሩም ነበር። ስለዚህ መተግበሪያ የሚጠቀም ሰው ሦስት ነገር ማረጋገጥ አለበት። ምጣኔዎቹ ሐኪሙ የሰጣቸው መሆናቸውን፣ ቀደም ሲል የተወጋውን ኢንሱሊን በስሌቱ ውስጥ ማስገባቱን፣ የስኳር መለኪያ አሐዱም ከራሱ መሣሪያ ጋር አንድ መሆኑን። በኢትዮጵያ የሚሠራበት በዴሲ ሊትር ሚሊ ግራም ነው፤ አንዳንድ አገሮች ግን በሊትር ሚሊ ሞል ይጠቀማሉ። 1 ሚሊ ሞል 18 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ 10 ሚሊ ሞል ማለት 180 ሚሊ ግራም ነው።

የኢንሱሊን ብዕር፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያና ስሌቱን በውስጡ የያዘ የኢንሱሊን ፓምፕ በበለጸጉ አገሮች እየተስፋፉ ነው። እነርሱም ቢሆኑ የተበላውን ምግብ መጠን ከሰው ይጠይቃሉ። ግማሽ እንጀራ በልቶ ሩብ ብሎ ለሚነግራቸው ሰው የረቀቀው መሣሪያም ትክክለኛውን መልስ አይሰጥም።

እርሻ፣ ጾምና መጠጥ

የጉልበት ሥራ ያለ መርፌም የደም ስኳርን ያወርዳል። በእርሻ፣ በአረምና በአጨዳ ወራት የሚወርደው ስኳር ሥራው ካበቃ በኋላ እስከ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። ለዕረፍት ጊዜ የታዘዘ መጠን ለአጨዳ ቀን ላይስማማ ስለሚችል፣ ወቅቱ ሳይገባ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይገባል። ወደ ማሳ የሚሄድ ሰው ከመነሻው በፊት ይለካ፤ ምሳው አብሮት ይሂድ፤ ኪሱ ውስጥም ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር። አብረውት የሚሠሩትም ሕመሙን ይወቁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና። ብዙ በሚሠራው እግር ወይም ክንድ ላይ ከሥራ በፊት መውጋት ኢንሱሊኑን ሊያፋጥነው ስለሚችል ሆድ ይመረጣል።

በጾም ወራት ሥጋና ወተት ስለሚቀሩ ገበታው በእንጀራ፣ በሽሮ፣ በምስርና በድንች ይሞላል፤ ስለዚህ ካርቦሃይድሬቱ ይጨምራል። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም በረመዳን እስከ ማታ ያለ ምግብ መቆየት ግን ለከፋ አደጋ ይዳርጋል። መጾም የሚሻ ሕመምተኛ ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ሐኪሙን፣ እንዲሁም የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት አስተማሪውን ማማከር አለበት። መርፌውን በራስ ፈቃድ መተው መፍትሔ አይሆንም።

አልኮልም ሁለት መልክ አለው። ጠላና ጠጅ ካርቦሃይድሬት አላቸው። ነገር ግን አልኮል ጉበት የስኳር ስንቁን ለደም እንዳይሰጥ ስለሚያግድ፣ ባዶ ሆድ የጠጣ ሰው ከሰዓታት በኋላ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ምልክቱም ስካር ስለሚመስል የሚደርስለት አይኖርም።

ስኳር ሲወርድና ሲጨምር

የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ወረደ ይባላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባትና ቁጣ ምልክቶቹ ናቸው። መድኃኒቱ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ነው፤ ይኸውም በውኃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልተሻለ ይደገማል። ከተሻለ በኋላ የምግብ ሰዓት ካልደረሰ ጥቂት እንጀራ ወይም ዳቦ ይበላል። መለኪያ መሣሪያ ከሌለና ምልክቱ ከታየ ስኳሩን መውሰድ ይቀድማል። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሊሰጠው አይገባም፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

በተቃራኒው ብርቱ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ መፍጠንና የበሰለ ፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ ከታዩ፣ ኢንሱሊን በማነሱ ደሙ እየተመረዘ ሊሆን ይችላል። ይህ በቤት የሚታከም አይደለም። «ምግብ ስላልበላሁ መርፌውን ልተወው» የሚለው ውሳኔ ለዓይነት አንድ ሕመምተኛ ሕይወት የሚያሳጣ ነው። ሰውነት በሕመም ጊዜ የበለጠ ኢንሱሊን ሊፈልግ ስለሚችል፣ መጠኑን በሐኪም ምክር ማስተካከል እንጂ ማቋረጥ አይገባም።

የተበላሸ ኢንሱሊን ትክክለኛውን ስሌት ያፈርሳል

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም። የተከፈተው ከፀሐይ ርቆ፣ ብዙ ጊዜ ለ4 ሳምንታት ያገለግላል፤ የተከፈተበት ቀን በብልቃጡ ላይ ይጻፍ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት፣ ውኃ በሚጠጣ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ሌላ ትንሽ ዕቃ ጨምሮ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ መሙላትና ጥላ ሥር ማስቀመጥ ሙቀቱን ይቀንሳል። ውኃው በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። ብልቃጡ ግን ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል። ጥርት ያለው ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ደፍራሳው ደግሞ ተንከባልሎም ከተቋጠረ ወይም ከብልቃጡ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ይጣላል።

በቀጣዩ የክትትል ቀን

ቆጠራ ለመጀመር የሚሻ ሰው በአንድ ሳምንት ሁሉን ላሳካ አይበል። በመጀመሪያው ሳምንት የቤቱን እንጀራ ልክ ያውጣ። በሁለተኛው የሚበላውንና የሚለካውን ይመዝግብ። ከዚያም ደብተሩን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄድ አራት ጥያቄ ያቅርብ። የምወስደው ኢንሱሊን የትኛው ዓይነት ነው? በየምግቡ ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት ልብላ? መጠኑን ራሴ ማስተካከል እችላለሁ ወይስ ምግቤን ነው የማስተካክለው? በአጨዳና በጾም ወቅትስ ምን ላድርግ?

ማሳውን ሳይለካ ማዳበሪያ የማይገዛ አርሶ አደር፣ እንጀራውን ሳይለካ መርፌውን እንዲወጋ የሚያስገድደው ነገር የለም። ሚዛኑ በሱቅ፣ ደብተሩ በልጆች ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። የቀረውን ከሐኪሙ ጋር በመመካከር ይሞላዋል።